እየተደናቀፈ አገር ያስደመጠው ሰው

እ.ኤ.አ. በ1977 በጊዜው የእንግሊዝ አልጋ ወራሽ የነበሩት ልዑል ቻርልስ፣ ከእናታቸው የ25ኛ ዓመት የንግሥና በዓል ጋር በተያያዘ፣ ካውንትዳውን በተባለ የአውስትራሊያ የወጣቶች የሙዚቃ ፕሮግራም ላይ ቃለ መጠይቅ ለመስጠት ፈቀዱ። (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቀረጻው ሲጀመር ጠያቂው ተርበተበተ፤ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ሌላ ጀመረ፣ ያንንም ተወና ይቅርታ ጠየቀ፤ እንደገና ከመጀመሪያው ሲሞክርም ምላሱ አልታዘዝ አለው። ይባስ ብሎ ንግሥቲቱን ልክ የጎረቤት ልጅ እናት እንደሚነሡ አድርጎ አነሣቸው፤ ልዑሉም የእናታቸውን ማዕረግ አስታወሱት።

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይባላል። ሌላ አቅራቢ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ቀረጻው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት፣ እሱም ወንበሩን ለሌላ ያስረክብ ነበር ብሎ መገመት አይከብድም። ኢያን ሜልድረም ግን፣ አገሩ በሙሉ «ሞሊ» ብሎ የሚጠራው ሰው፣ ከዚያ በኋላም በዚያው ፕሮግራም ላይ አሥር ዓመት ቆየ፤ የተበላሸው ቃለ መጠይቅም እስከ ዛሬ በአውስትራሊያ ቴሌቪዥን ከተላለፉት ሁሉ ደጋግሞ ከሚታየው አንዱ ሆነ።

ሜልበርን መኖር ከጀመርኩ በኋላ የሞሊን ስም መጀመሪያ የሰማሁት ከሥራ ባልደረቦቼ ነው። ዕድሜያቸው ከሃምሳ የዘለለው ሁሉ፣ ስለ ሙዚቃ ወሬ በተነሣ ቁጥር፣ እሑድ አመሻሽ 12 ሰዓት ላይ ቴሌቪዥን ፊት ተደርድረው ሲጠብቁት እንደነበር ሳያነሡ አያልፉም። ምን ዓይነት አንደበት ቢታደል ነው ብዬ የድሮ ቅጂዎቹን ማሳደድ ጀመርኩ። ያየሁት ነገር ግን ከጠበቅሁት ጋር አልገጥም አለኝ። እኔ ያደግሁት የሬዲዮና የቴሌቪዥን አቅራቢ ማለት ድምፁ የተሞረደ፣ ቃላቱ የተመዘኑ ሰው ማለት ነው ተብሎ በሚታመንበት አገር ነው፤ የአድማጮች የዘፈን ምርጫ ሲቀርብ እንኳ የሰላምታው ዝርዝር እንደ ዜና በሥርዓት ይነበብ ነበር። ይህ ሰው ግን «እ…» ይላል፣ አፍንጫውን ይነካካል፣ ወረቀቱን ይፈልጋል፣ የዘፋኙን ስም ከአልበሙ ስም ጋር ያቀያይራል፣ ከዚያ ድንገት ዓይኑ በርቶ ሸክላውን ወደ ካሜራው ያነሣና «ለራሳችሁ ውለታ ዋሉ፣ ይህን ግዙ» ይላል። በማግሥቱ ሰኞ ሕዝቡ ሄዶ ይገዛል።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ የሚለው ጥያቄ ነው ስለ እሱ ሥራ እንድጽፍ ያደረገኝ። በዕድሜው አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን በእግር ኳስ ሜዳም ሆነ በሱቅ ውስጥ ሰው ሁሉ «ሞሊ!» ብሎ በሚጠራበት ከተማ እየኖርኩ እኔ ብቻ አንቱ ብለው ነገሩ አያምርም።

ሞሊ የተወለደው በ1943 በቪክቶሪያ ግዛት ምሥራቃዊ ክፍል ኦርቦስት በምትባል ከተማ ሲሆን፣ ያደገው ግን ከሜልበርን ወደ ሰሜን ምዕራብ ርቃ በስንዴ እርሻ መካከል በምትገኘው ኳምባቱክ፣ በዘመድ እጅ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሜልበርን መጣ። ሮኒ በርንስ የተባለው ወጣት ዘፋኝ ቤተሰቦች ዘንድ ለሁለት ሳምንት ብሎ ገብቶ ዘጠኝ ዓመት እንደተቀመጠ ራሱም ቤተሰቡም ይናገራሉ። በሰኔ 1964 ቢትልሶች ሜልበርን ፌስቲቫል አዳራሽ ሲዘፍኑ ከጩኸቱ ብዛት የተነሣ ጥበቃዎች ጎትተው እንዳስወጡትም የታወቀ ነው። ከሕይወት ታሪኩ ከሁሉ በላይ ይህችን ነገር ልብ ይሏል፤ ሰውዬው ወደ ሙዚቃው ዓለም የገባው በጋዜጠኝነት ትምህርት ወይም በድምፁ ተመዝኖ አይደለም፤ ከአድማጮች ሁሉ በላይ ስለጮኸ ነው።

በየካቲት 1966 በሜልበርን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጀመሯት ጎ-ሴት የተባለች ሳምንታዊ የወጣቶች የሙዚቃ ጋዜጣ መታተም ጀመረች። ሞሊ በዚያው ዓመት ገብቶ ይጽፍላት ጀመር። ጎ-ሴት በጥቅምት 1966 የመላ አገሪቱን የዘፈን ደረጃ ሰንጠረዥ ማውጣት ስትጀምር፣ እስከዚያ ድረስ በየከተማው የሬዲዮ ጣቢያ የየራሱ ሰንጠረዥ ብቻ የነበረው አገር ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ የጋራ ዝርዝር አገኘ። አውስትራሊያን ለማያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከፐርዝ እስከ ሲድኒ ያለው ርቀት ከአዲስ አበባ እስከ ካይሮ ካለው ይበልጣል፤ በሜልበርን የሚያስለቅስ ዘፋኝ በፐርዝ ስሙ የማይታወቅበት ዘመን ነበር።

በዚያች ጋዜጣ ላይ አምድ ከነበራቸው ሰዎች አንዱ ስታን ሮፍ ነው። ሮፍ የ3ኬዜድ ሬዲዮ ሰው ነበር፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሮክ ኤንድ ሮልን ለሜልበርን ወጣት ያስተዋወቀ፣ ገና በአውስትራሊያ ያልታተሙ የአሜሪካ ሸክላዎችን በአየር መንገድ ሠራተኞች እጅ እያስመጣ ከሁሉ ቀድሞ የሚያሰማ አቅራቢ። «ሞሊ» የሚለውን የሴት ስም በ1968 በአምዱ ላይ ለቀልድ ያወጣለት እሱ ነው። ስሙ ተጣበቀ፤ ሞሊም አልተቆጣም። እኔ እንደማየው ግን ሮፍ ለሞሊ ያወረሰው ትልቁ ነገር የሥራ ልማዱ ነው፦ ሸክላውን ከሌላው ቀድመህ አግኝ፣ ራስህ ስማው፣ ከወደድከው ለሰው ሁሉ አሰማ። ዛሬ ማንኛውም ዘፈን በወጣበት ሰዓት በሁሉም ኪስ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ሸክላ በአውሮፕላን እስኪመጣ ይጠበቅ የነበረበትን ዘመን የአቅራቢ ሥልጣን መገመት ይከብዳል። ያኔ አቅራቢው ካልመረጠው ዘፈኑ ለአድማጩ እንዳልተዘፈነ ይቆጠር ነበር።

ሞሊ ከመጻፍ አልፎ በ1969 ራስል ሞሪስ የተባለው ዘፋኝ ያዜመውን ዘፈን ፕሮዲዩስ አደረገ። የዘፈኑ ደራሲ ጆኒ ያንግ ሲሆን፣ ያንግ ያሰበው በጊታር የሚታጀብ ለስላሳ ዜማ ነበር ይባላል። ሞሊ ግን በደቡብ ሜልበርን በሚገኘው በአርምስትሮንግ ስቱዲዮ ቴፑን እየቆራረጠ፣ ድምፅ በድምፅ ላይ እየደራረበ፣ መጨረሻው ላይ የፍንዳታ ድምፅ ጨምሮበት ከስድስት ደቂቃ በላይ የሚፈጅ ነገር አደረገው። ሬዲዮ ከሦስት ደቂቃ የበለጠ ነጠላ ዜማ በማያስተናግድበት ጊዜ ይህ እብደት ነበር፤ ዘፈኑ ግን በመላ አገሪቱ አንደኛ ወጣ። ሞሊን ከአፉ መደነቃቀፍ በመነሣት ሞኝ አድርገው የሚስሉት ሰዎች ይህን ዘፈን አንድ ጊዜ ቢያዳምጡት ደስ ይለኛል። ጆሮው የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው።

ቀጥሎ ያለው ዘመን ለአውስትራሊያ ሙዚቃ አስቸጋሪ ነበር። ከግንቦት እስከ ጥቅምት 1970 ድረስ የንግድ ሬዲዮ ጣቢያዎችና ትልልቆቹ የሸክላ አሳታሚዎች በክፍያ ጉዳይ ተጣልተው፣ ጣቢያዎቹ የእነዚያን አሳታሚዎች የአውስትራሊያና የእንግሊዝ ሸክላዎች ማሰማት አቆሙ። ጠቡ ቢበርድም በንግድ ሬዲዮው ላይ ጥንቃቄ የበዛበት መንፈስ ቆየ። በ1974 መጨረሻ ስካይሁክስ የተባለው የሜልበርን ባንድ ስለ ሜልበርን ሰፈሮች፣ ስለ አደንዛዥ ዕፅና ስለ ወሲብ በግልጽ የሚዘፍን አልበም ሲያወጣ፣ ከአሥሩ ዘፈኖች ስድስቱ በንግድ ሬዲዮ እንዳይሰሙ ተከለከሉ።

ካውንትዳውን የተጀመረው በዚህ ወቅት ነው። ኅዳር 8 ቀን 1974 በኤቢሲ፣ ማለትም በሕዝብ ገንዘብ በሚተዳደረው የአውስትራሊያ ብሮድካስቲንግ ኮሚሽን፣ መተላለፍ ጀመረ። አስጀማሪዎቹ ፕሮዲዩሰሩ ማይክል ሽሪምፕተን፣ ዳይሬክተሩ ሮቢ ዊክስ እና ሞሊ ነበሩ። የሞሊ የሥራ መደብ በወረቀት ላይ «የተሰጥኦ አስተባባሪ» ነው፤ የማን ባንድ ይቅረብ፣ የማን ክሊፕ ይታይ የሚለውን የሚመርጥ ሰው። ከካሜራ ፊት እንዲቀመጥ መጀመሪያ የታሰበም አልነበረም። መጋቢት 1 ቀን 1975 አገሪቱ ወደ ባለቀለም ቴሌቪዥን በይፋ ስትሸጋገር ካውንትዳውንም በቀለም ወጣ፤ ስካይሁክሶች ፊታቸውን ተቀብተው፣ የሚያብረቀርቅ ልብሳቸውን ለብሰው ለቀለም እንደተፈጠሩ ያህል ታዩ። ኤቢሲ ማስታወቂያ ስለማይቀበል የንግድ ጣቢያዎቹ ጭንቀት አልነበረበትም፤ ሬዲዮ የከለከለውን ባንድ የመንግሥት ቴሌቪዥን እራት ሰዓት ላይ ወደ ሳሎን አስገባው። ወላጆች ምን እንዳሉ ባልደረቦቼ እየሳቁ ነው የሚነግሩኝ።

ፕሮግራሙ የሚሠራው በሜልበርን በሪፖንሊ ሰፈር ባለው የኤቢሲ ስቱዲዮ ነበር። በየሳምንቱ አንድ ዘፋኝ ወይም አንድ ታዋቂ ሰው በእንግድነት መድረኩን ይመራል፤ የታዳጊዎች ጭፍራ መድረኩ ሥር ይጮኻል፤ ባንዶቹ አብዛኛውን ጊዜ በፕሌይባክ፣ ማለትም ቀድሞ የተቀዳው ዘፈን እየተሰማ የሚዘፍኑ መስለው፣ ይጫወታሉ፤ በመጨረሻም የሳምንቱ አሥር ምርጥ ዘፈኖች ተቆጥረው አንደኛ የወጣው ይቀርባል። በመካከል ሞሊ የሚቀመጥበት ክፍል አለ። አዳዲስ ሸክላዎችን ያነሣል፣ ወሬ ያወራል፣ እንግዳ ይጠይቃል። ክፍሉ «ሃምድራም» ይባል ነበር፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ «አሰልቺ» ማለት ሲሆን ከሜልድረም ጋር ስለሚመሳሰል፣ በስሙም፣ በአሰልቺነቱም ላይ የሚሳለቅ መጠሪያ ነው። በኋላ ዘመን መለያው የሆነውን የካውቦይ ኮፍያ አድርጎ የሚታየው እዚያ ነው። ፕሮግራሙ በገነነበት ጊዜ ተመልካቹ በሳምንት ወደ ሦስት ሚሊዮን ይጠጋ እንደነበር ይነገራል፤ የአገሪቱ ሕዝብ በሙሉ በጊዜው 14 ሚሊዮን ገደማ ነበር።

የካውንትዳውንን አሠራር ለመረዳት አንዲት ክሊፕ ብቻ ምረጥ ብባል፣ የካቲት 23 ቀን 1976 በሜልበርን ስዋንስተን ጎዳና የተቀረጸችውን እመርጣለሁ። ኤሲ/ዲሲ የተባለው ባንድ ገና ከአውስትራሊያ ያልወጣ የወጣቶች ቡድን ነበር። የፕሮግራሙ ዳይሬክተር ፖል ድሬን ባንዱን ከነመሣሪያው ጎን በሌለው ጠፍጣፋ የጭነት መኪና ላይ ጫነና በከተማው መካከል አስነዳው። ዘፋኙ ቦን ስኮት እቅፉ ውስጥ ባግፓይፕ የሚባለውን የስኮትላንዶች የትንፋሽ መሣሪያ ይዟል፤ በመኪናው ላይም ልብሳቸውን የለበሱ እውነተኛ የባግፓይፕ ተጫዋቾች ቆመዋል። ጊታሪስቱ አንገስ ያንግ የተማሪ ቁምጣውን ለብሶ ይወዛወዛል። እኔን ግን የሚይዘኝ ከባንዱ ይልቅ የእግረኛ መንገዱ ነው። የገበያ ዘንቢል የያዙ ሴቶች ቆመው ያያሉ፤ ከረባት ያሰሩ ሰዎች ምን ጉድ ነው ብለው ዞር ይላሉ፤ ጥቂት ወጣቶች ከመኪናው ጋር ይሮጣሉ። የዚያን ቀን ከተማዋ ምን እየታየባት እንደነበር አላወቀችም። ዛሬ በዚያ ጎዳና ላይ ስንት ጊዜ ትራም እንደጠበቅሁ አላውቅም፤ ጎዳናው መጨረሻ ላይ ባለው ፌዴሬሽን አደባባይ ደግሞ የአማርኛውን ፕሮግራም ጨምሮ በብዙ ቋንቋ የሚያሰራጨው የኤስቢኤስ ሬዲዮ ስቱዲዮ ይገኛል። ከተማው በ2004 ከመሐል ከተማው ጠባብ መንገዶች አንዱን በባንዱ ስም ሰይሞታል።

እንዲህ ያለው ክሊፕ የተሠራበት ምክንያት ቅንጦት አልነበረም። አውስትራሊያ ከሁሉም ሩቅ ነች፤ የእንግሊዝና የአሜሪካ ዘፋኞች በየወሩ አይመጡም፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ የእሑዱን ሰዓት የሚሞላው አሳታሚዎች በፊልም ቀርጸው በሚልኳቸው ክሊፖች ነበር። የሙዚቃ ክሊፕ በማሳየት የታወቀው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኤምቲቪ በአሜሪካ የተጀመረው በነሐሴ 1981 ነው። ካውንትዳውን ከዚያ ስድስት ዓመት ቀድሞ፣ ክሊፕ ብቻውን ሸክላ እንደሚሸጥ አረጋግጦ ነበር። ኤምቲቪ ሥራውን የጀመረበትን የመጀመሪያውን ክሊፕ የሠራው ዳይሬክተር ራስል መልካሂ፣ አውስትራሊያዊ መሆኑ በአጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም።

«አባ» (ABBA) የተባለውን የሙዚቃ ቡድን የሚያህል ምሳሌ ደግሞ የለም። የስዊድኑ ቡድን በ1974 የዩሮቪዥን ውድድር ካሸነፈ በኋላ በእንግሊዝ የሚቀጥለውን ትልቅ ዘፈን አጥቶ ሲቸገር፣ በ1975 ካውንትዳውን «ማማ ሚያ» የተሰኘውን ዘፈን ክሊፕ አሳየ። ዘፈኑ በነጠላ ዜማነት እንዲወጣ አልታቀደም ነበር። የአውስትራሊያ ተመልካች ስልክ እየደወለ፣ ሸክላ ቤት እየሄደ ስለጠየቀ አሳታሚው ስዊድንን ለመነ፤ ስዊድኖቹ መጀመሪያ እምቢ ብለው በኋላ ፈቀዱ፤ ዘፈኑም በአውስትራሊያ አሥር ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። በ1976 ሌላው ዘፈናቸው አሥራ አራት ሳምንት አንደኛ ነበር። በመጋቢት 1977 ቡድኑ ራሱ ሲመጣ የጠበቀው ሕዝብ የንጉሥ አቀባበል ያደረገ ይመስል ነበር። በዚያው ዓመት ብሎንዲ የተባለው የኒው ዮርክ ባንድ ሌላ ዘፈን ሊተላለፍለት ታስቦ፣ በስሕተት ነው ተብሎ ከሸክላው ጀርባ ያለው ለስላሳ ዘፈን ክሊፕ ተላለፈ። ዘፈኑ በአውስትራሊያ ሁለተኛ ወጣ፤ ባንዱ በየትኛውም አገር ያገኘው የመጀመሪያ ትልቅ ውጤት ይህ ነበር። ስሕተቱ በእርግጥ ስሕተት ነበር ወይስ ሞሊ ሆነ ብሎ ያደረገው የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኔ ሞሊ ነው ባይ ነኝ። ያን ስድስት ደቂቃ ዘፈን የሠራ ሰው የትኛው ገጽ እንደሚሻል ሳያውቅ ቀርቶ ነው ብሎ ማመን ይከብዳል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ከአንገት በላይ የሚያሞግስ አቅራቢ በሁሉም ጣቢያ ሞልቷል፤ ሁሉን ዘፈን «ድንቅ» ይላል፣ ሁሉን እንግዳ «ተወዳጁ» ይላል፤ አድማጩም ከጊዜ በኋላ ጆሮውን ይደፍናል። ሞሊ ሲያሞግስ ቃል ያጥረዋል። ያልወደደውን ሲያቀርብ ደግሞ ፊቱ ያሳብቅበታል፤ ነገሩን ለማለዘብ ሲሞክር ይብስበታል። ተመልካቹ በዚህ ምክንያት ሰውዬውን ማንበብ ቻለ። ታዳጊው ሳሎን ውስጥ ሆኖ «ይህን ወዶታል፣ ያን ግን ለወግ ነው» ብሎ ይለያል። አንደበተ ርቱዕ አቅራቢ ይህን ዕድል ለተመልካቹ አይሰጥም፤ ቋንቋው ስሜቱን ይሸፍንለታል። በ1979 አሜሪካዊው የሮክ ዘፋኝ ኢጊ ፖፕ በእንግድነት መጥቶ ወንበር ላይ እየዘለለ፣ እየጮኸ፣ በአውስትራሊያውያን አነጋገር ላይ እያላገጠ ቃለ መጠይቁን ሲያፈርስበት፣ ሞሊ ሊቆጣጠረው አልሞከረም፤ ግራ ተጋብቶ ሳቀ። የሰለጠነ ጋዜጠኛ በዚያ ቦታ ቢሆን ክብሩን ለማዳን ሲታገል ቃለ መጠይቁን ይገድለው ነበር።

እንዲህ ስል ግን ሞሊን ጻድቅ ማድረጌ አይደለም። አንድ ሰው ማን እንደሚቀርብ የሚመርጥ፣ የቀረበውን ደግሞ በአየር ላይ የሚያሞግስ ሲሆን፣ የሥልጣኑ ልጓም በማን እጅ ነው? በንግድ ሬዲዮ ላይ የነበረው በረኛ ወደ ቴሌቪዥን ተዛወረ እንጂ በሩ አልተከፈተም የሚሉ ሙዚቀኞች በዘመኑም ነበሩ፤ ክርክራቸው ውኃ የሚቋጥር ይመስለኛል። ለታዳጊ ሴቶች ዓይን የሚማርክ ባንድ ከማይማርከው ይቀድም ነበር። ፕሌይባኩም ያስቆጣቸው ነበሩ። ሚድናይት ኦይል የተባለው የሲድኒ ባንድ፣ በመጠጥ ቤት መድረኮች ላይ ስሙን የገነባና በፖለቲካ አቋሙ የታወቀ ቡድን፣ ካውንትዳውን ላይ አልቀርብም ብሎ እስከ መጨረሻው ጸና፤ ያለ ካውንትዳውንም ትልቅ ሆነ። በሌላ በኩል ኤቢሲ ራሱ በጥር 1975 በሲድኒ 2ጄጄ የተባለ የወጣቶች ሬዲዮ ከፍቶ፣ ሥርጭቱን የጀመረው ከተከለከሉት የስካይሁክስ ዘፈኖች በአንዱ ነበር፤ ያ ጣቢያ በኋላ ትሪፕል ጄ ሆኖ በመላ አገሪቱ የሚደመጥ ሆነ። ስለዚህ የእሑዱን ፕሮግራም የሚያንቋሽሽ ወጣት የሚሄድበት ሌላ በር ነበረው፤ ሁለቱም በሮች የአንድ ድርጅት መሆናቸው ያስገርመኛል።

ሌላው ጉዳት ደግሞ የሞሊ ጥፋት አይደለም። ቴፕ ውድ ስለነበረ ኤቢሲ ከ1970ዎቹ ቅጂዎች ብዙዎቹን አጥፍቶ በላያቸው ሌላ ነገር ቀዳባቸው። ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፕሮግራሞች አብዛኞቹ በሙሉ መልካቸው የሉም። የአንድን ትውልድ እሑድ ማታ ያህል ነገር በጥቂት ዶላር ሒሳብ መደምሰስ! የሕዝብ ገንዘብ መቆጠብ ጥሩ ነገር ነው፤ የዚያን ጊዜው ቁጠባ ግን ዛሬ ዋጋ አስከፍሏል።

ካውንትዳውን በሕዝብ ድምፅ የሚሰጥ የራሱ ሽልማትም ነበረው። በሚያዝያ 1986 በተካሄደው ሥነ ሥርዓት ላይ የሁለት ባንዶች ደጋፊዎች በአዳራሹ ውስጥ ተጋጩ፤ የሙዚቃ አሳታሚዎቹ ማኅበር አሪያ ይህን አይቶ፣ ዳኞቹ የሙያው ሰዎች የሆኑበት የራሱን ሽልማት በመጋቢት 1987 ጀመረ። በሚያዝያ 1987 ደግሞ ኤቢሲ ያለ አቅራቢ ሌሊቱን ሙሉ ክሊፕ ብቻ የሚያሳይ ሌላ ፕሮግራም ከፈተ። ካውንትዳውን አገሩን ክሊፕ እንዲወድ አስተማረው፤ ክሊፑ በየቦታው ሲገኝ የካውንትዳውን ተፈላጊነት ቀነሰ። ሐምሌ 19 ቀን 1987፣ ከ563 ክፍሎች በኋላ፣ ፕሮግራሙ በሽልማት ምሽት ተዘጋ። ሞሊ በስተመጨረሻ ኮፍያውን ሲያወልቅ ጭንቅላቱ ሙልጭ ተደርጎ ተላጭቷል፤ አልቀርብም ባለው ባንድ መላጣ ዘፋኝ በፒተር ጋሬት ላይ መቀለዱ ነበር። ጋሬት በኋላ የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር ሆነ፤ ሞሊ ግን ሞሊነቱን ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን በረዥሙ የምተርክበት ምክንያት አይታየኝም። ቅዳሜ ማታ በሚቀርብ የመዝናኛ ፕሮግራም ላይ እስከ 1999 ድረስ አንድ ክፍል ነበረው፤ ሸክላው ሲዲ ሆነ እንጂ እጅ አነሣሡ ያው ነበር። የሚገባውን ክብርም በቁሙ አግኝቷል፦ የአውስትራሊያ ኒሻን በ1986፣ የአሪያ የክብር መዝገብ በ2014። በታኅሣሥ 2011 ሪችመንድ በሚገኘው ቤቱ የገና ጌጥ ሲሰቅል ከመሰላል ወድቆ ራሱን ክፉኛ ተጎዳና ለሕይወቱ ተሰጋ፤ ዜናው በየዕለቱ የሚወራ የአገር ጉዳይ ሆኖ ነበር። ዳነ። በ2018 እዚያው ሪችመንድ ዋንጋራታ ፓርክ ውስጥ፣ በእንግሊዛዊው ዘፋኝ በዴቪድ ቦዊ ገጸ ባሕርይ ስም ከሰየማት ውሻው ከዚጊ ጋር የነሐስ ሐውልት ቆመለት። ሐውልቱ ጋ ስሄድ ሁልጊዜ ፎቶ የሚነሣ ሰው አላጣም።

የሥራውን ጠባይ የሚያሳይ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በ2016 ስለ ሕይወቱ የተሠራ ተከታታይ ድራማ በቴሌቪዥን ታየ፤ ሞሊን ሆኖ የተጫወተው ሳሙኤል ጆንሰን በሚያዝያ 2017 የአገሪቱን ትልቁን የቴሌቪዥን ሽልማት፣ የወርቅ ሎጊን፣ አሸነፈ። ጆንሰን ምስጋናውን እያቀረበ ሳለ ሞሊ ሳይጠራ መድረክ ላይ ወጣ፤ ማይኩን ያዘና በቀጥታ ሥርጭት ላይ ስድብ የተቀላቀለበት፣ ከአንዱ ጉዳይ ወደ ሌላው የሚዘል ረዥም ንግግር ጀመረ፤ የተሸላሚው ሰዓት በዚሁ አለቀ። በማግሥቱ ጋዜጦቹ ተቆጡ፤ የሌላ ሰው ምሽት መቀማቱን በተመለከተ እኔም ከጋዜጦቹ ጋር ነኝ። ቅጂውን ሳየው ግን ያ በ1977 ልዑሉ ፊት የተቀመጠው ሰው መሆኑ ወዲያው ይለያል፤ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ሌላ ይጀምራል፣ አዳራሹ ይስቃል፣ ከጎኑ የቆመው ተዋናይ ወራት ሙሉ አጥንቶ የተጫወተውን አነጋገር ከባለቤቱ አፍ እየሰማ ሽልማቱን ይዞ ይጠብቃል።